ታርጋው ሲጠፋ ማሽኑን ማንበብ፦ ስለ አሮጌ የእንጨት ሥራ ማሽኖች ዕድሜ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከፒያሳ እስከ ተክለ ሃይማኖት ባሉ የእንጨት ሥራ ቤቶች ውስጥ ዛሬም የሚሠሩ ፒያላዎች (የእንጨት መላጊያዎች)፣ ሰርኩላሮች (ክብ መጋዞች) እና ባንድ ሶዎች (እንደ ቺንጋ የሚዞር መጋዝ ያላቸው) ብዙ እጅ ያለፉ ናቸው። በየእጁ ታርጋቸው (የፋብሪካው ስምና ቁጥር ያለበት ሰሌዳ) ይወልቃል፣ ሞተራቸው ይቀየራል፣ ቀለም በቀለም ላይ ይደረብባቸዋል። በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ዕድሜያቸው ናቸው። «ዓ.ም.» ካላልን በስተቀር ዓመቶቹን የጻፍነው፣ በማሽኖቹ ታርጋ ላይ እንዳለው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ምናለሽ ተራ አንድ ፒያላ አይቼ ልገዛው እያሰብኩ ነው። ሻጩ «የጣሊያን ጊዜ ማሽን ነው» ይላል። ታርጋ የለውም፣ የሪቬት ቀዳዳዎቹ ብቻ ቀርተዋል። አካሉ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው፣ በቺንጋ ይዞራል። የሻጩን ቃል በምን ላረጋግጥ? (አንባቢ፣ ከአዲስ ከተማ)

መልስ፦ የሻጩ ቃል እውነት ከሆነ ማሽኑ ከ1941 በፊት የተሠራ መሆን አለበት፤ ወረራው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነበርና። ይህን መፈተሽ ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይያዙ፦ ማሽን ላይ የሚያገኙት ምልክት ብዙውን ጊዜ የሚነግርዎ «ከዚህ ዓመት ወዲህ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ኩሺኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ቤሪንግ)፣ ሞተርና ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት መንኮራኩር) በአንድ ቀን ይቀየራሉ። ዋናው የጊዛ አካል፣ ጠረጴዛውና የኩሺኔታው ቤት ግን እንደተሠሩ ይኖራሉ። ምርመራውን ከእነዚህ ይጀምሩ።

መጀመሪያ ያጽዱት። ቁጥር በብዛት የሚመታው በተላጉ ቦታዎች ነው፦ በጠረጴዛው ጫፍና ጠርዝ፣ በኩሺኔታው ቤት አናት፣ በማስተካከያው ተንሸራታች ጎን። እነዚህን በነጭ ጋዝ አርሰው ሩብ ሰዓት ይተዉአቸው፣ ከዚያ በነሐስ ብሩሽ ይፈትጉ። ግራይንደር አያስነኩ፤ የተመታ ቁጥር ጥልቀት የለውም፣ ዲስክ አንዴ ካለፈበት አይመለስም። ቦታው ከደረቀ በኋላ ጠመኔ አሻሽተው በጨርቅ ላዩን ብቻ ይጥረጉ። ነጩ በጎድጓዳው ውስጥ ይቀራል። የእጅ ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርገው ሲያበሩበት ደግሞ በዓይን የማይታየው አኃዝ ጥላ ይሠራል።

ቀጥሎ አካሉን ይመልከቱ። ጊዛ መሆኑን በእርግጥ ለማወቅ በማይታይ ቦታ ላይ በ3 ሚሊ መሰርሰሪያ ትንሽ ይብሱ፦ ጊዛ ጥቁር ግራጫ ዱቄት ይተፋል፣ ላሜራ ግን የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ያወጣል። ቀጫጭንና ጠመዝማዛ እግሮች በብሎን የተያያዙበት ጊዛ ብዙውን ጊዜ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ወይም የ20ኛው መባቻ ሥራ ነው። እንደ ሣጥን አንድ ወጥ ሆኖ የተቀለጠ ወፍራም አካል ከዚያ ቀጥሎ መጥቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዘልቋል። በብየዳ የተገጣጠመ የወፍራም ላሜራ አካል የተስፋፋው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው፤ አካሉ በሙሉ እንዲህ የተበየደ ከሆነ የ«ጣሊያን ጊዜ» ነገር በጣም ያጠራጥራል።

ሦስተኛው የቢላዎቹ ዘንግ የሚያርፍበት ነው። የኩሺኔታው ቤት ለሁለት የሚከፈል ሆኖ በላዩ የዘይት መጠጫ ካለውና ውስጡ በቢላዋ ጫፍ የሚጫር ለስላሳ ነጭ ብረት ከሆነ፣ ያ ባቢት ነው። ባለ ኳስ ኩሺኔታ በእንጨት ማሽኖች ላይ የተለመደው በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ከዚያም በኋላ በባቢት ቀጥለዋል። ስለዚህ ባቢት ብቻውን ማሽኑ መቶ ዓመት ሞልቶታል አያሰኝም። በኩሺኔታው ላይ የተጻፈው ቁጥርም ስለ ልክ እንጂ ስለ ዕድሜ አይናገርም፦ 6306 ማለት ውስጡ 30፣ ውጩ 72፣ ወርዱ 19 ሚሊ ማለት ነው። ያ ኩሺኔታ አምና ከሶማሌ ተራ የተገዛ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ዘንጉ ራሱ። ቢላዎቹ በአራት ማዕዘን ዘንግ ላይ በብሎን ከታሰሩ ንድፉ ጥንታዊ ነው። ክብ ዘንግ የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን፣ እንግሊዝ በ1922 ባወጣችው ደንብ እንጨት በእጅ የሚገፋባቸው ፒያላዎች ሁሉ ክብ ዘንግ እንዲኖራቸው አስገድዳለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አራት ማዕዘኑ በጠረጴዛዎቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ይተዋል፣ እጅ ከገባበትም ጣት ብቻ አይደለም የሚወስደው።

አምስተኛ፣ ኃይሉ ከየት ይመጣ እንደነበር ይወቁ። ከዘንጉ ጫፍ ሁለት ጠፍጣፋ ፑሌጃዎች ጎን ለጎን ካሉ፣ አንዱ ከዘንጉ ጋር ታስሮ ሌላው በነፃ የሚዞር ከሆነ፣ ማሽኑ የተሠራው ከጣሪያ ሥር ከተዘረጋ የጋራ ዘንግ በሚወርድ ቺንጋ እንዲነዳ ነው። በርካታ ማሽኖች በአንድ ሞተር ወይም በእንፋሎት የሚነዱበት ዘመን ማለት ነው። የቪ ቺንጋ (ጎኑ እንደ ቪ ፊደል ወደ ታች የሚጠብ) በ1917 አሜሪካ ውስጥ ለመኪና ተፈጥሮ ወደ ፋብሪካ ማሽኖች የተስፋፋው በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ ነው። የሞተሩ መቀመጫ ከአካሉ ጋር አብሮ የተቀለጠ ከሆነና በር ያለው ክፍል ከተበጀለት፣ ማሽኑ ከመጀመሪያው የራሱ ሞተር ነበረው። በብየዳ የተቀጠለ መቀመጫ ካዩ ግን እዚሁ አገር የተጨመረ ሊሆን ስለሚችል ስለ ማሽኑ ምንም አይመሰክርም።

የመጨረሻው የብሎን ክር ነው። ከጊዛው የሚገባውን፣ ማንም ቀይሮ የማያውቀውን ብሎን ይፍቱ። ወፍራምነቱ 12.7 ሚሊ ሆኖ በ25.4 ሚሊ ርዝመት ውስጥ 12 ጥርስ ከቆጠሩ የእንግሊዝ ዊትዎርዝ ነው፤ 13 ጥርስ ከሆነ የአሜሪካ ነው። 12 ሚሊ ሆኖ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.75 ሚሊ ከሆነ ሜትሪክ ነው፣ ማለትም ጣሊያን፣ ጀርመን ወይም ከአውሮፓ ዋና ምድር ሌላ አገር። ጥንቃቄ፦ ከሁለተኛው ዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ የጀርመን ማሽኖችም ዊትዎርዝ ሊኖራቸው ይችላል።

ወደ ሻጩ ቃል እንመለስ። በጊዛው ላይ የፋብሪካ ስም ተቀልጦ ከወጣ ነገሩ በአንድ ጊዜ ሊቋጭ ይችላል። የሪሚኒው ኤስሲኤም የመጀመሪያ ማሽኑን የሠራው በ1952 ነው፤ የኦስትሪያው ፌልደር የተመሠረተው በ1956 ነው። እነዚህን ስሞች የያዘ ማሽን በወረራው ዘመን ሊመጣ አይችልም። በተቃራኒው ደግሞ የዚያ ዘመን የጣሊያን ዕቃ አንዳንዴ ከዓመተ ምሕረቱ ጎን የፋሺስቱን አቆጣጠር በሮማውያን ቁጥር ይይዛል። በዚያ ቁጥር ላይ 1922 ይደምሩ፦ 15 ቢል ከጥቅምት 1936 እስከ ጥቅምት 1937 ያለው ዓመት ነው። ይህ በተላጋ ወይም በተቀለጠ አካል ላይ ከተገኘ የሻጩ ቃል ተረጋገጠ ማለት ነው። ካልተገኘ፣ ክብ ዘንግ፣ ባለ ኳስ ኩሺኔታና ከአካሉ ጋር የተቀለጠ የሞተር ክፍል ያለው የሜትሪክ ፒያላ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ቢባል ይበልጥ ያሳምናል። የወረራ ዘመን ዋጋ አይክፈሉበት።

ጥያቄ፦ በሰርኩላራችን ሞተር ታርጋ ላይ «ቪዲኢ 0530/66» የሚል አለ። ኃይሉ በፒኤስ ተጽፏል፣ ቮልቱ 220/380 ነው። 66 ማለት የተሠራበት ዓመት ነው? (አንባቢ፣ ከተክለ ሃይማኖት)

መልስ፦ አይደለም፣ ግን ቅርብ ነዎት። 0530 የጀርመን ኤሌክትሪክ ማኅበር (ቪዲኢ) ለሞተሮች ያወጣው ደንብ ቁጥር ነው፤ ከእዝባሩ በኋላ ያለው ደንቡ የታደሰበት ዓመት ነው። ስለዚህ ሞተሩ ከ1966 ወዲህ ነው። ፒኤስ የጀርመንኛው የፈረስ ጉልበት ነው፤ ጀርመን ውስጥ ከ1978 መጀመሪያ ጀምሮ ሕጋዊ መለኪያ መሆኑ ቀርቶ በኪሎዋት ተተክቷል። ሁለቱን ሲያጋጥሟቸው ሞተሩ በ1966 እና በ1978 መካከል ተሠርቷል ማለት ይቻላል። ቮልቱ 220/380 መሆኑ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ 230/400 የሚል ታርጋ ቢሆን ኖሮ ከ1980ዎቹ ወዲህ ይሆን ነበር።

ይህ ሁሉ ግን የሞተሩ ዕድሜ ነው፣ የሰርኩላሩ አይደለም። ሞተሩ ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣ መሆኑን ለማወቅ ብሎኖቹን ፈትተው ከእግሩ ሥር ይመልከቱ። መቀመጫው ላይ ከሞተሩ እግር የማይገጥሙ ትርፍ ቀዳዳዎች ካሉ ሌላ ሞተር ነበረበት። ከእግሩ ሥር ያለው ቀለም ከማሽኑ የታችኛው ቀለም ጋር አንድ ከሆነ ግን አብረው ሳይመጡ አልቀሩም። ከሞተሩ እግር ግርጌ እስከ ዘንጉ መሐል ያለውን ከፍታም ይለኩ። 80፣ 90፣ 100፣ 112 ወይም 132 ሚሊ ከሆነ ዛሬም የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ልክ ነው፣ ተተኪም በቀላሉ ይገኝለታል። ከእነዚህ የማይገጥም ከሆነ ያረጀ የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ ሞተር ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሲቃጠል ከመጣል ሽቦውን እንደገና ማስጠምጠም ይሻላል፣ መቀመጫውና የቺንጋው መስመር እንዳይበላሹ። ጠምጣሚው ታርጋውን ነቅሎ እንዳያስቀር አስቀድመው ይንገሩት፤ ብዙ ታርጋ የሚጠፋው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ታርጋው ላይ የተመታው 1969 ነው፣ የግዢ ደረሰኙ ግን 1962 ይላል። ታርጋው ከሌላ ማሽን ተነቅሎ የተለጠፈ ይሆን? (አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ አይመስለንም። ደረሰኙ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። 1962 ዓ.ም. ከመስከረም 1969 እስከ መስከረም 1970 ያለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ በተሠራበት ወይም በቀጣዩ ዓመት ተገዝቷል ማለት ነው፣ ለባሕር ጉዞውና ለጂቡቲ ወይም ለአሰብ መንገድ የሚበቃ ጊዜ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑን ብቻ ያስታውሱ። እንዲህ ያለ ደረሰኝ ከማሽኑ ጋር አይለያይ፤ ፎቶ አንስተው ዋናውን በፕላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ በኮምባይንድ (ብዙ ሥራ በአንድ አካል የሚሠራ) ማሽናችን ላይ በየቦታው ቁጥር አለ፦ በእግሩ ላይ አንድ፣ በጠረጴዛው ሥር ሌላ፣ በኩሺኔታው ክዳን ላይ «7»። ለፋብሪካው የቱን ልላክ? (አንባቢ፣ ከጎጃም በረንዳ)

መልስ፦ በጣትዎ ይዳስሱት። ከብረቱ ወጣ ብሎ የሚታየው ከጊዛው ጋር የተቀለጠ ነው፤ የቅርጹ ቁጥር ስለሆነ በዚያ ሞዴል ማሽኖች ሁሉ ላይ አንድ ነው። ወደ ውስጥ የተመታው፣ ብዙውን ጊዜ አኃዞቹ ትንሽ የተጣመሙት፣ የማሽኑ የራሱ ቁጥር ነው። የሚላከው እሱ ነው። በሌስተር ከተማ ከ1897 ጀምሮ ሲሠራ የቆየው የእንግሊዙ ዋድኪን ለምሳሌ የሞዴሉን ፊደላት ከቁጥሩ ጋር በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይመታ ነበር። ታርጋው ቢጠፋም ያ ስለሚቀር ዕድሜውን ለመለየት ይበቃል።

«7» ደግሞ ፋብሪካው ክዳኑን ከቤቱ ጋር ያጋጠመበት ምልክት ነው። ሌላኛው ጎን ላይ 8 ወይም ሌላ ቁጥር ታገኛላችሁ። ሲፈቱት ክዳኖቹን እንዳታቀያይሩ፤ አብረው የተሞረዱ ስለሆኑ ከተቀያየሩ ዘንጉ ይጨናነቃል፣ ኩሺኔታውም ይግላል።

ቁጥሩ ቢጠፋ እንኳ በታርጋው ላይ ያለው አድራሻ ብዙ ይናገራል። ጀርመን ከከተማው ስም በፊት ባለ አራት አኃዝ የፖስታ ቁጥር የተጠቀመችው ከ1961 መጨረሻ እስከ ሰኔ 1993 ነው፤ አምስት አኃዝ ከሆነ ከሐምሌ 1993 ወዲህ ነው። ጣሊያን አምስቱን አኃዝ የጀመረችው በ1967 ነው። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ከ1949 እስከ 1990፣ «ቼኮዝሎቫኪያ» የሚል ከ1992 መጨረሻ በፊት ነው። የሲኢ ምልክት (የአውሮፓን የደኅንነት መስፈርት ማሟላቱን የሚያሳይ) ካለ አውሮፓ ውስጥ ለማሽኖች ተግባራዊ መሆን የጀመረው በ1993 ነው፣ ከ1995 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፤ የተሠራበት ዓመትም አብሮ መጻፍ ስላለበት ከዚያ ወዲህ ላሉ ማሽኖች ምርመራ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ባንድ ሶዋችን «ዴልታ ሮክዌል» ይላል። ታርጋው ላይ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ቁጥሮች አሉ፣ ትልቁ በ2 ሚሊዮን የሚጀምር። አብሮት የመጣው መመሪያ አድራሻውን «ፒትስበርግ 8» ይላል። ሞተሩ ባለ አንድ ፌዝ፣ 60 ሳይክል፣ 1725 ዙር ነው። ዕድሜው ስንት ነው? መጋዙ ደግሞ ለምን ቀርፈፍ ይላል? (አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ዴልታ በ1919 ሚልዋኪ ውስጥ ተቋቁሞ በ1945 በሮክዌል ተገዛ። ሁለቱ ስሞች አብረው ከተጻፉ ከ1945 ወዲህ ነው። የአሜሪካ ፓተንት 2 ሚሊዮን የደረሰው በ1935፣ 3 ሚሊዮን የደረሰው በ1961 ነው፤ ሁልጊዜ ትልቁን ቁጥር ይያዙ፣ እሱም «ከዚህ ወዲህ» የሚለውን ብቻ ነው የሚነግርዎ። ከሁሉ የጠበበውን ወሰን የሚሰጠው ያ 8 ነው። የአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ከስማቸው በኋላ የቀጣና ቁጥር የጻፉት ከ1943 እስከ 1963 ነው፤ ከዚያ በኋላ ዚፕ በሚባለው ባለ አምስት አኃዝ የፖስታ ቁጥር ተተካ። እንግዲህ መመሪያው የማሽኑ ከሆነ ባንድ ሶዎ በ1945 እና በ1963 መካከል ነው።

ቀርፋፋነቱ የመጣው ሞተሩ ለ60 ሳይክል (ኸርዝ ማለት ነው) ተሠርቶ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ በመሆኑ ነው። 1725 ዙሩ ወደ 1430 ገደማ ይወርዳል፣ ይህም ስድስተኛውን መቀነስ ነው። የሞተሩን ፑሌጃ በ20 በመቶ ማሳደግ ይመልሰዋል፦ 63 ሚሊ ከሆነ በ75 ወይም በ76 ሚሊ ይቀይሩት፣ ቺንጋው ከሚፈቅደው በላይ ከተወጠረ የሞተሩን መቀመጫ ያቅርቡ። ፑሌጃ ግን ሙቀቱን አያድንም። ለ60 ሳይክል 230 ቮልት የተጠመጠመ ሞተር በ50 ኸርዝ የሚመቸው 190 ቮልት ገደማ ነው፤ በ220 ያለማቋረጥ ሲሠራ ይግላል። የዕለት ሥራ የሚሠሩበት ከሆነ ሞተሩን ለ50 ኸርዝ በተሠራ ባለ 1420 ዙር ሞተር ይተኩ፤ አሮጌውን ታርጋው ሳይነቀል ያስቀምጡት። ባለ ሦስት ፌዝ 440 ቮልት 60 ሳይክል ሞተር ያላቸው ግን አይጨነቁ፤ የእኛ 380 ቮልት በ50 ኸርዝ ከሚፈልገው 367 ብዙም አይርቅም፣ ያለ ችግር ይሠራል።

ጥያቄ፦ የማሽን ዕድሜ ዋጋውን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ፒያላ በርካሽ ቀርቦልኛል። (አንባቢ፣ ከሰንጋ ተራ)

መልስ፦ ዕድሜ ብቻውን ዋጋ ሊሆን አይገባም፤ የሚከፍሉት ለቀናው ጠረጴዛና ላልተሰነጠቀው ጊዛ ነው። ቀጥ ያለ የብረት መስመር በጠረጴዛው ርዝመትና በሁለቱ ሰያፍ አስቀምጠው ከሥሩ የክፍተት መለኪያ ያስገቡ፤ ከ0.2 ሚሊ በላይ የሚያልፍ ከሆነ የማስላጊያ ዋጋ ከጠቅላላው ይቀንሱ። በብሎን መግቢያዎችና በማስተካከያው ዙሪያ የጊዛ ብየዳ ወይም ስቱኮ ካለ ሲመቱት ድምፁ ይደፈናል፤ እሱን ይተዉት።

ባለ አራት ማዕዘኑን ዘንግ እንዳለ ይዘው እንዳይሠሩበት አጥብቀን እንመክራለን፣ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢያምር። መግዛት ካለብዎ ቶርኖ ቤት ክብ ዘንግ ያሠሩለት፤ ይህ ካልተቻለ ፒያላው አይገዛ። የሚያስፈልጉት ልኮች አራት ናቸው፦ የኩሺኔታዎቹ መቀመጫ ውፍረት፣ በመካከላቸው ያለው ርዝመት፣ ቢላዎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ዲያሜትር፣ የፑሌጃው ጫፍ ከነቁልፉ መቀመጫ። አዲሱ ከጠንካራ ብረት ከአንድ ወጥ ይቀረጽ፤ የቢላው መያዣ ሽብልቅ ሲዞር ወደ ውጭ ይበልጥ የሚጠብቅ ይሁን፤ ቢላዎቹ ከዘንጉ ከ1.1 ሚሊ በላይ አይውጡ። ሚዛኑ ሳይስተካከል ቢላ አይግጠሙበት፤ በሁለት የተስተካከሉ የብረት ጠርዞች ላይ አስቀምጠው ሲለቁት ወደ አንድ ጎን እየተንከባለለ የሚመለስ ከሆነ ሁልጊዜ ከታች የሚያርፈው ከባዱ ጎን ይፋቅለታል። የወጣውን አሮጌ ዘንግ ቁጥሩ ተመዝግቦ ከማሽኑ ጋር ይቀመጥ፣ ቢላ ግን አይግባበት።